ሌባው በቀሪ ሲያዝ

በአገራችን ሕፃን ልጅ የወንጀል መርማሪ የነበረበት ዘመን አለ። ሥርዓቱ ሌባሻይ ይባል ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው አቤት ሲል ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ይመጣና መድኃኒት የተቀላቀለበት መጠጥ ይጠጣል። ወገቡ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አንድ ጎልማሳ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይዞራል፤ በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። “ለምን እኔ ቤት?” ብሎ መከራከር አያዋጣም። ልጁም ቢሆን መልሱን አያውቀውም። አሠራሩ በኋላ በአዋጅ ታገደ፤ ታገደም ተባለ እንጂ ከሰው አእምሮ ቶሎ አልወጣም።

ከሌባሻይ ጎን ሌላ የምርመራ ባህል ነበረን፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ። የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም። ይኼኛው ቢያንስ ይጠይቃል። ያን ቀን ማን የት ነበር? ማን ከማን ጋር ታየ? እያለ የተጠርጣሪውን ቁጥር ያጠባል። የማይሆነውን አንድ በአንድ አውጥቶ የቀረውን መያዝ የሒሳብ ሰዎችም የዘወትር ሥራ ነው።

ሁለቱን ያነሣኋቸው ስለ ልጆች መጽሐፍ ለመጻፍ ስል ነው። ሕፃናት የሚያነቡት የምርመራ ታሪክ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው መርማሪው ልጅ እንደ ሌባሻዩ ነው፤ በድንገት “ገባኝ!” ይላል፣ አንባቢው ደግሞ ያምናል። በሁለተኛው ግን አንባቢው ከመርማሪው ጋር እኩል ማስረጃ ይዟል፤ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ ራሱ መድረስ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ከሒሳብ ጋር ሲጋባ የተለየ የልጆች ንባብ ይወልዳል። እኛ ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሰዎች የዚህን ንባብ ታሪክ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ዋሽንግተን የሚገኘው ሳይንስ ናቹራሊ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2010 በሒሳብ የሚፈቱ 65 አጫጭር ምስጢሮችን የያዘ መጽሐፍ አወጣ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲዎቹ አባትና ሴት ልጅ ናቸው፤ ኤሪክ ዮደርና ናታሊ ዮደር። ሁለት ዓመት ቀደም ብለው በሳይንስ የሚፈቱ 65 ምስጢሮችን በተመሳሳይ መልክ አሳትመው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ታሪክ፣ ገጹን ሲገልጡ መልሱ። በመካከል ልጁ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያስገድደው ወረቀቱ ብቻ ነው። አባት ከልጁ ጋር ተቀምጦ እንቆቅልሽ ሲጽፍ ማሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆንብን ያንን ሰብስቦ መጽሐፍ ማድረጉ ነው።

ከዚያ በፊት ቴሌቪዥኑ ቀድሟል። ከ1987 እስከ 1992 ፒቢኤስ ያሳየው ስኩዌር ዋን የተባለ የልጆች የሒሳብ ፕሮግራም በየክፍሉ መጨረሻ ማትኔት የሚባል የፖሊስ ድራማ ነበረው። ፒቢኤስ ራሱ ለብዙ ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አሌክሳንድሪያ እንደነበር ይታወሳል። የማትኔት ፖሊሶች ከታጠቁት ሁሉ የሚያምኑት ካልኩሌተራቸውን ነው። በአንዱ ታሪክ በቀቀን 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5 እያለች ትለፈልፋለች። ልጆቹ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር መሆኑን ከደረሱበት ቀጣዩ 8፣ ከዚያ 13 ነው፤ የተደበቀው ሀብትም በዚያው መንገድ ይገኛል። ያኔ ልጆች የነበሩ አሜሪካውያን ይህን በቀቀን ዛሬም ያስታውሳሉ። በትምህርት ቤት የተማሩትን የቁጥር ሰንሰለት ስንቶቹ እንደሚያስታውሱ ግን እንጃ።

ሁሉም እንዲህ የተዋጣለት አይደለም። በዚህ ዘርፍ ከሚታተሙት መጻሕፍት ብዙዎቹ የቤት ሥራ ወረቀት ላይ ኮፍያና ማጉያ መነጽር የደፉ ናቸው። ሌባው ሦስት ብርቱካን ሰርቆ አምስት ጨመረ፣ ስንት ሆነ? ይላሉ። የጥሩውና የመጥፎው መለያ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡን ከታሪኩ ብናወጣው ሌባው ይያዛል? ከተያዘ ቁጥሩ ጌጥ ነበር።

አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ባወጣው የመስግሬቭ ቤተሰብ ምስጢር ታሪክ ሼርሎክ ሆምስ የሚፈልገው ቦታ የአንድ ዛፍ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበት ነው፤ ዛፉ ግን ተቆርጧል። ቁመቱ 64 ጫማ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ። ሆምስ 6 ጫማ የሆነ ዘንግ ያቆማል፤ ጥላው 9 ጫማ ይሆናል። ስለዚህ የ64 ጫማው ዛፍ ጥላ 96 ጫማ ነው። ዛፉ በሌለበት ጥላውን ለካው ማለት ነው። ይህን ስሌት ብታወጡት ታሪኩ ይፈርሳል። አንድ ነገር ግን ይገርመኛል፤ ያው ደራሲ በዚያው ዓመት የፈጠረው ታላቁ ወንጀለኛ፣ ሞሪያርቲ፣ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነው። የምርመራ ድርሰት አባቶች ሒሳብ የሚያውቀውን ሰው ሲፈሩት ይታያል።

ወደ እኛ እንምጣ። አማርኛ ለምርመራ ታሪክ ባይተዋር አይደለም። “ፖሊስና እርምጃው” ጋዜጣ በወጣ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያደገ ትውልድ አለ። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ልብ ወለድን ተወዳጅ አድርጎታል፣ ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍቱ አንባቢን እንቅልፍ ነሥቷል። ይህ ሁሉ ግን የአዋቂ ንባብ ነው። የልጆቹ መደርደሪያ ላይ የምናገኘው ተረት ነው፤ ተረቱም በአብዛኛው “ከዚህ ምን እንማራለን?” በሚል ጥያቄ ይዘጋል። ልጁ የሚጠበቅበት ምክሩን መድገም ነው። የታሪኩን አያያዝ ማን ይመርምረው?

የቃል ቅርሳችን ግን ከመጽሐፋችን ይልቅ ደፋር ነው። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው የማያውቅ አለ? ታንኳዋ ከሰውየው ጋር አንዱን ብቻ ትይዛለች፤ ነብሩን ከፍየሏ፣ ፍየሏን ከቅጠሉ ጋር ትቶ መሄድ አይቻልም። አውሮፓ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን የሆነው ይኸው ጥያቄ ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የላቲን የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። መልሱ በ7 ጉዞ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አንዴ ያሻገሩትን ፍየል መልሶ ማምጣት ነው። ወደፊት ለመሄድ ወደኋላ መመለስ እንደሚያስፈልግ በ6 ዓመቱ የገባው ልጅ አልጀብራ አያስደነግጠውም።

ማሞ ቂሎን ደግሞ እስቲ በዚህ ዓይን እንየው። እናቱ ትናንት ያዘዘችውን ዛሬ በሌላ ነገር ላይ ይፈጽማል። ሳንቲም ሲጥል “ኪስህ መክተት ነበረብህ” ትለዋለች፤ በማግስቱ ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። ልጆች የሚስቁት ቂል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ደንቡን ከማሞ ቀድመው አግኝተውታልና ቀጥሎ የሚያደርገውን ስለሚያውቁ ነው። ተከታታይ አይተው ቀጣዩን መተንበይ የበቀቀኗም እንቆቅልሽ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህን ተረት በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለቀለም ሥዕል አድርጎ ሲያሳትመው መንገዱን ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የሁለት ቋንቋ የሕፃናት መጻሕፍት በርክተዋል፤ ፊደል፣ እንስሳት፣ ምግብ፣ በዓላት። ምስጢር ግን አላየሁም፤ በሒሳብ የሚፈታማ ጭራሽ።

ይህ የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር ስለማውቅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ለምርመራ ታሪክ የሚሆን ዕቃ በእጁ ሞልቷል። ጎረቤቱ የሌለውን ሁለት ሰዓትና ሁለት ካሌንደር ይዞ ነው የሚያድገው።

ምሳሌ ልፍጠር። ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ያለ የአፓርትመንት ሕንፃ። ጥቅል ዕቃ ከመግቢያው ጠፍቷል። የታችኛው ፎቅ እማማ “ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ” አሉ። የሕንፃው ኃላፊ 3 ሰዓት ብሎ መዘገበ። ከሰዓት በኋላ 3 ላይ ቀይ ኮፍያ አድርጎ ሕንፃው ውስጥ የነበረ አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው፤ ስሙ ጠፋ። የእማማ የልጅ ልጅ ናት የ10 ዓመቷ መርማሪ። እማማ ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ ነው፤ 3 ሲደመር 6 ሲሆን 9 ነው፣ ጠዋት። ጠዋት 9 ላይ ጎረምሳው አሌክሳንድሪያ ሥራ ላይ ፊርማ አስቀምጧል። ተጠርጣሪው ነፃ ወጣ። ሌላው ምስክር ደግሞ “እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመኪና ድምፅ ሰማሁ” ይላል። 8 ሲደመር 6፣ 14። ሰዓት ግን 12 ሲሞላ እንደገና ይጀምራልና 12 ሲቀነስ 2። በካሜራው መዝገብ ያ ቅጽበት እሑድ አይደለም፤ ሰኞ ነው። ምስክሮቹ አልተሳሳቱም፣ ካሜራውም አልዋሸም። የልጅቱ ሥራ ሁለቱን እውነት በአንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ እኛ ቤት አያትን መታዘዝ ነው።

ካሌንደሩ ደግሞ ከሰዓቱ ይበልጣል። አባቶች ባሕረ ሐሳብ የሚሉት ስሌት ሁሉ በማካፈልና በቀሪ የቆመ ነው፤ ሊቃውንቱ የጾምና የበዓል ቀን ለማውጣት ይጠቀሙበታል፣ መርማሪ ልጅ ግን ሐሰተኛ ደብዳቤ ይይዝበታል። አንድ ሰው የአያት ርስት የእኔ ነው ብሎ “ዓርብ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ” የሚል ወረቀት አመጣ እንበል፤ በእኛ አቆጣጠር። ልጁ ወረቀቱን አያሸትም፣ ቀለሙን አይመረምርም። 5,500 ዓመተ ዓለም ላይ 1966 ይደምራል፤ 7,466። ይህን ለ4 ሲያካፍል 1,866 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ ነው። እንግዲህ ዘመኑ የማርቆስ እንጂ የሉቃስ አልነበረም።

ይቀጥላል። 7,466 ላይ ያንኑ 1,866 ሲደምር 9,332 ይሆናል፤ ለ7 ሲያካፍል 1 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም 1 ማክሰኞ ይብታል። ከጳጉሜን በቀር ወራቶቻችን 30፣ 30 ስለሆኑ ከወር ወደ ወር ሲሻገሩ ዕለቱ በሁለት ይገፋል፤ ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር፣ ስምንት ዕለት፣ ሳምንቱ ሲወጣ አንድ። ጥር 1 ረቡዕ ዋለ። ከ1 እስከ 11 አሥር ቀን፤ ሰባቱ ሲወጣ ሦስት ይቀራል። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። የ1966 ጥምቀት ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ያለው ሰው ወረቀቱን ዘግይቶ ነው የጻፈው። ማጉያ መነጽር አላስፈለገም፤ ሌባው በቀሪ ተያዘ። በአውሮፓ ካሌንደር ይህን ለማድረግ 28፣ 30ና 31 ቀን ያላቸውን ወራት በቃል መያዝ ግድ ነው። የእኛ የ30 ቀን ወር ለልጅ መርማሪ የተሠራ ይመስላል።

ከካሌንደሩ ሳንወጣ፣ በስደት ከመጡ ቤተሰቦቻችን የብዙዎቹ የልደት ቀን በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ነው። ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ሰዎች በዕድል ብቻ ሁሉም ጃንዋሪ 1 ቢወለዱ ነገሩ ከ48.6 ሚሊዮን አንዴ የሚያጋጥም ነው፤ 365 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ይህን ያህል ይመጣል። ታዲያ መርማሪው ምን ይደመድማል? ወንጀል አለ ሊል ይችላል፤ ይሳሳታል። ቀኑን የጻፈው የመዝጋቢ ብዕር ነው፤ ቀን በትክክል ላልተመዘገበለት ሰው ጃንዋሪ 1 ይሞላለታል።

ዕድልን በዕድል ማባዛት ቀልድ ቢመስልም አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ዐቃቤ ሕግ ፀጉሯን ወደኋላ ያሠረች ነጭ ሴት፣ ጢም ያለው ጥቁር ሰው፣ ቢጫ መኪና እያለ የእያንዳንዱን ዕድል በግምት አውጥቶ አባዛና፣ እንዲህ ያለ ጥንድ የሚገኘው ከ12 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ባልና ሚስቱን አስፈረደባቸው። የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 የባልየውን ቅጣት ሻረ። ግምቶቹ ማስረጃ አልነበራቸውም፣ ነገሮቹም እርስ በርስ ስለሚያያዙ ዝም ብሎ ማባዛት አይቻልም አለ። ቁጥር በምሥክር ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደማንኛውም ምሥክር መስቀለኛ ጥያቄ ይገባዋል። ለልጆች የሚጻፍ የሒሳብ ምርመራ ይህን ካላሳየ ሌባሻዩን በካልኩሌተር ተካ እንጂ ምንም አልሠራም።

ዕቁብም አለ። የዕቁብ ጸሐፊ መዝገብ 4,810 ዶላር ይላል፤ እጅ ላይ ያለው ገንዘብ 4,180 ነው። 630 ጎድሏል፤ ፊት ተጠቋቁሯል። አንዲት ልጅ ጎደለ የተባለውን ለ9 ታካፍላለች፤ 70፣ ያለ ቀሪ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 81 እና 18ን ተመልከቱ፤ ልዩነታቸው 63 ነው። የሒሳብ መዝገብ ያዦች ይህን ጥንት ያውቁታል። ልጅቱ “ጸሐፊው 18ን 81 ብለው ጽፈው ይሆን?” ትላለች። ይሆን ነው ያለችው፤ ነው አላለችም። ከዘጠኝ ቁጥር አንዱ እንዲያው በአጋጣሚ ለ9 ይካፈላልና ደረሰኙ መታየት አለበት። እንዲህ ያለው ታሪክ ሌባ ሳይኖረው ሊያልቅ ይችላል። ዕቁብተኛ ሁሉ ተቃቅፎ ቡና የሚጠጣበት የምርመራ ድርሰት በየትኛው ቋንቋ ተጽፎ ያውቃል?

እስካሁን ያልኩት ከቤት የሚወጣ ነው። ከቤት ውጭ ደግሞ ከተማው ራሱ ምስጢር ነው፤ አሌክሳንድሪያንና ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያገናኘውም ይኸው ነው። የዋሽንግተን አውራጃ ሲከለል ጎኑ 10 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን እንዲሆን ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው የማዕዘን ድንጋይ፣ የደቡቡ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1791 አሌክሳንድሪያ፣ ጆንስ ፖይንት ተተከለ፤ ዛሬ ከዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ሥር ያለ መናፈሻ ነው። የሰሜኑ ማዕዘን ድንጋይ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢስት ዌስት ሀይዌይ ዳር ይገኛል። ብዙ አበሻ በየቀኑ በመኪና ያልፈዋል፤ መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ቀጥታ ስንት ነው? 10 በ10፣ 100፤ ሁለት ጊዜ 200፤ የ200 ስኩዌር ሩት 14 ከትንሽ። ኪሎ ሜትር ቢሆን 23 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በቤልትዌይ የሚዞር ሹፌር ይህን ሲሰማ ያዝናል።

ድንጋዮቹ በየማይሉ ተተክለዋል። ስንት ናቸው? እያንዳንዱ ጎን 11 ድንጋይ አለው፤ አራት ጎን 44፤ ማዕዘኖቹ ግን ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋልና 40። ትክክል፣ 40 ናቸው፤ አብዛኞቹም ዛሬ አሉ። በአንደኛው ፊታቸው የአሜሪካ ግዛት መሆኑ፣ በሌላው የክፍለ ሀገሩ ስም፣ እንዲሁም የተተከሉበት ዓመትና በቦታው ኮምፓሱ ከእውነተኛው ሰሜን ስንት እንደሚዘነብል ተቀርጾባቸዋል። በቨርጂኒያ በኩል ያሉት 1791፣ በሜሪላንድ በኩል ያሉት 1792 ይላሉ። ይህን የሚያውቅ ልጅ ጽሑፉ በከፊል ከጠፋ ድንጋይ ላይ ከየትኛው ጎን እንደመጣ ይደርስበታል። ታዲያ የዲሲ የወሰን ድንጋይ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አርሊንግተን መንደር መሐል ምን ይሠራል? በ1846 ኮንግረስ የፖቶማክን ማዶ ለቨርጂኒያ ሊመልስ ወሰነ፤ በማግስቱ ዓመት ተፈጸመ። አሌክሳንድሪያ ከዲሲ ወጣች፣ ድንጋዮቹ ግን እዚያው ቀሩ። በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ደግሞ ጎኖቹ ከ10 ማይል ጥቂት ጥቂት እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ማን ነው የተሳሳተው? ይህም አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የዚህ ታሪክ ጀግናም ዝግጁ ነው። ቤንጃሚን ባነከር በ1731 ሜሪላንድ ከነፃ ጥቁር ቤተሰብ የተወለደ ገበሬ ነው። ከትምህርት ቤት ይልቅ በራሱ ንባብ ሥነ ፈለክ ተማረ፤ ከ1792 እስከ 1797 በስሙ አልማናክ ታትሟል። በ1791 መጀመሪያ ወራት ከአንድሩ ኤሊኮት ጋር ሆኖ፣ ሌሊት ሌሊት ከዋክብት እየተመለከተ፣ የደቡቡን ማዕዘን ቦታ ለመወሰን ሠራ። ያው ሰው በማስታወሻ ደብተሩ የሒሳብ እንቆቅልሾች እየሰበሰበ ከወዳጆቹ ጋር ይለዋወጥ ነበር። አንዱ በግጥም ነው፤ በርሜል ሠሪና ወይን ነጋዴ ሲዋዋሉ፣ 35 ኢንች ጥልቀት ያለውና 39 ጋሎን የሚይዝ ዕቃ አፉና መቀመጫው ስንት ስንት ይሁን? ይላል። ስለ ባነከር የከተማውን ፕላን በቃሉ ይዞ መልሶ አወጣው የሚል ወሬ አለ። ይህን የሚደግፍ ሰነድ የለም፤ ኤፕሪል ላይ ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር። እውነተኛው ሰው ሳያንስ ተረት መጨመር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ለልጆች ሲጻፍ ይህ ወሬ ራሱ ሊመረመር የሚገባ ጉዳይ ነው።

ወላጆች ሒሳብ ይወዳሉ፤ በዚህ አልታማም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሞንትጎመሪ ብሌር ማግኔትና አሌክሳንድሪያ አድራሻ ያለው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት፣ ሁለቱም በ1985 የተከፈቱ፣ በየቡናው የሚነሱ ስሞች ናቸው። ልጁ እዚያ እንዲገባ በየሳምንቱ ሒሳብ ይደግማል፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ፊደል ይቆጥራል። ሒሳቡ በእንግሊዝኛ፣ አማርኛው ያለ ሒሳብ። ከዚህ የተነሣ አማርኛ ለልጁ የመዝሙርና የሰላምታ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ማሰብ፣ መጠራጠር፣ ማረጋገጥ የሚባሉት ነገሮች በሌላ ቋንቋ ይከናወናሉ። አንድ ልጅ በአማርኛ “እንግዲህ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም…” ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ካልጨረሰ ቋንቋው አዋቂ አይሆንለትም። መዝሙሩ ይቅር አላልኩም። ብቻውን አይበቃም ነው የምለው።

መጽሐፍ እስኪታተም መጠበቅም አያስፈልግም። የሰንበትና የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህራን በየሳምንቱ አንድ ገጽ ታሪክ፣ በጀርባው መልስ፣ ማባዣ ማሽን ላይ አውጥተው ማደል ይችላሉ። ታሪኩ የሕንፃውን ሎቢ፣ የዕቁቡን ደብተር፣ የእማማን ሰዓት ይያዝ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህናት በየደብሩ አሉ፤ በዕረፍት ጊዜ 10 ልጆች ሰብስበው የቀሪን ስሌት ቢያሳዩ ለደራሲዎቹም ግብዓት ይሆናል። ከሕክምናው፣ ከኮምፒውተሩና ከሒሳብ መዝገቡ ሥራ ጡረታ የወጣችሁ፣ ብዕርም የማያስቸግራችሁ፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው። መጪው መስከረም 1 በየትኛው ዕለት እንደሚውል ከሚጠይቅ አንድ ገጽ ጀምሩ፤ መልሱን ከጀርባው ጻፉና እስኪገለጥ ልጆቹን አስጠብቁ።